ቅጣቱ መጨረሻ አለው? በሹክሹክታ የኖረ የክርስቲያኖች ክርክር

ራእየ ጴጥሮስ የሚባል ጥንታዊ መጽሐፍ አለ። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ ተጽፎ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ሲነበብ ቆየ፤ ኋላ ግን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ሳይገባ ቀረና ቀስ በቀስ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አክሚም በሚባል የግብፅ ከተማ ከመቃብር ውስጥ የግሪክኛው ቁራጭ ተገኘ። ሙሉውን መጽሐፍ ጠብቀው ያቆዩት ግን የግእዝ ጸሐፍት ናቸው። ፈረንሳዊው ሲልቫን ግሬቦ ከ1907 ጀምሮ ያሳተመው ጽሑፍ ተጓዡ አንቷን ዳባዲ ከኢትዮጵያ ከወሰዳቸው ብራናዎች በአንዱ ላይ የሰፈረ ነበር። ሌላ ቅጂ ደግሞ ከጣና ሐይቅ ተገኝቷል።

መጽሐፉ ገሃነምን ከቅርብ ያሳያል። የጽድቅን መንገድ የተሳደቡ በምላሳቸው ተሰቅለዋል፤ በሐሰት የመሰከሩ እሳት በአፋቸው ይነድዳል፤ በአራጣ ያበደሩ እስከ ጉልበታቸው ቆሻሻ ውስጥ ተዘፍቀዋል። ጴጥሮስ ይህን ሰምቶ እነዚህ ሰዎች ባይፈጠሩ ይሻላቸው ነበር ይላል። ጌታም ለፍጥረቱ ከፈጣሪው ይልቅ የሚራራ ሰው የለም በሚል መንፈስ ይገሥጸዋል። እስከዚህ ድረስ አንባቢ የሚጠብቀው ነው። የሚያስገርመው በዚያው ብራና ላይ ተከትሎ የሚመጣው ክፍል ነው። ጴጥሮስ ስለ ኃጥአን ዕጣ ደግሞ ይጠይቃል፤ ወደ ምሕረት የሚያመለክት ምሥጢርም ይነገረዋል። ምሥጢሩን ግን እንዳያወጣ ይታዘዛል፤ ኃጢአተኞች ቢሰሙት የባሰ ይበድላሉና።

የኃጥአን ቅጣት ዘላለማዊ ነው ወይስ ያበቃል የሚለው ክርክር ሲነሣ ብዙ ሰው የዘመናችን ልስላሴ የወለደው ይመስለዋል። አይደለም፤ ከክርስትና የመጀመሪያ ዘመናት ጀምሮ የነበረ ነው። ሁልጊዜም ሁለት ጥያቄዎች ተቆራኝተውበት ሄደዋል፤ አንደኛው እውነቱ ምንድን ነው የሚል፣ ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነገር ለሕዝብ ይነገራል ወይ የሚል። በእኔ አስተያየት ክርክሩን ወዲያና ወዲህ ሲገፋው የኖረው ከፊተኛው ይልቅ ኋለኛው ነው።

በመጀመሪያ ተከራካሪዎቹን እንለይ። የብዙኃኑ ትምህርት ቅጣቱ ማብቂያ የለውም፣ የሚቀጣውም ሰው እያወቀና እየተሰማው ይኖራል የሚል ነው። ዋና ማስረጃቸው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 መጨረሻ ላይ ያለው የበጎችና የፍየሎች ፍርድ ነው። ሁለተኛው ወገን ኃጥአን ይቀጣሉ፣ መጨረሻቸው ግን መጥፋት ነው ይላል። በእሱ አስተሳሰብ አለመሞት የነፍስ ተፈጥሮ ሳይሆን ለዳኑት ብቻ የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ ቅጣቱም ዘላለማዊ የሚባለው ሥቃዩ ስለማያልቅ ሳይሆን የጠፋው ስለማይመለስ ነው። እነዚህ ነፍስንም ሥጋንም በገሃነም ማጥፋት የሚችለውን ፍሩ የሚለውን የማቴዎስ 10 ቃልና የኃጢአት ደመወዝ ሞት መሆኑን የሚናገረውን ሮሜ 6ን ይጠቅሳሉ። ሦስተኛው ወገን ቅጣቱ መድኃኒት ነው፣ የቱንም ያህል ቢረዝም በመጨረሻ ሁሉም ወደ አምላኩ ይመለሳል ይላል። መመኪያው እግዚአብሔር ሁሉ በሁሉ የሚሆንበትን ጊዜ የሚናገረው 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ነው።

ሦስቱም አንዱን መጽሐፍ ያነባሉ፤ ሦስቱም የሚያስቸግራቸው ጥቅስ አላቸው። ሁሉም ይድናል የሚለው ሰው በጎቹና ፍየሎቹ ጋ ሲደርስ ይፈተናል። ይጠፋሉ የሚለውን የዮሐንስ ራእይ 14 የሥቃይ ጢስ ያስጨንቀዋል። የብዙኃኑ ተከታይ ደግሞ ጳውሎስ በአዳም ሁሉ እንደሞተ በክርስቶስ ሁሉ ሕያው ይሆናል ሲል ያንን «ሁሉ» ማጥበብ ይኖርበታል። አንድ ጥቅስ ነጥሎ ክርክሩ አለቀ የሚል ሰባኪ ከገጠማችሁ የቀረውን እንዲያነብላችሁ ጠይቁት።

የሁሉን መዳን በሰፊው ያስተማረው የእስክንድርያው ኦሪገን ነው። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ አባቱ ሰማዕት የሆነበት፣ ራሱም ለእምነቱ የተሠቃየ ሊቅ ነበር። ጠላቶቹ ሰይጣንም ይድናል ብሏል ብለው ከሰሱት፤ እሱ ግን ይህን አላልኩም ብሎ በደብዳቤ አማርሯል። ለርእሳችን የሚጠቅመን ግን ኬልሶስ ለተባለ ፈላስፋ በጻፈው መልስ ውስጥ ያለ አንድ ነጥብ ነው። ስለ ቅጣቱ ዓላማ ያለውን ሁሉ ለሁሉም መግለጥ አይገባም፤ ብዙኃኑን ከክፋት የሚመልሳቸው ፍርሃት ነው፣ እሱም በጭንቅ ነው ይላል። ራእየ ጴጥሮስን ተከትሎ የመጣው ምሥጢርም የሚለው ይኸንኑ ነው።

ከኦሪገን መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተነሣው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ እንደሱ አልተጠነቀቀም። በሞት አልጋ ላይ ካለች እህቱ ከማክሪና ጋር ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ ያደረገውን ውይይት ጽፏል። እዚያ ውስጥ የሚሰጠው ምሳሌ እንዲህ ነው፤ ወፍራም ጭቃ ተለጥፎበት የደረቀ ገመድ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሲጎተት ጭቃው እየተላጠ ይቀራል፣ ገመዱ ግን ያልፋል። ሕመሙ ከመጎተቱ ነው፤ የሚጎትተው ደግሞ ወደ ራሱ የሚስበው አምላክ ነው። ይህን ያስተማረው ጎርጎርዮስ በየትኛውም ጉባኤ አልተወገዘም። የጸና ሃይማኖት አባት ተብሎ ይከበራል፤ ከ14ቱ ቅዳሴያችንም አንዱ በስሙ ይጠራል።

ለኦሪገን ግን ዕጣው አልራራለትም። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ በ400 አወገዘው፣ የእሱን መጻሕፍት የሚያነቡ መነኮሳትንም ከግብፅ በረሃ አሳደደ። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ543 አዋጅ አወጣበት፤ በ553 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤም ስሙን ከመናፍቃን ጋር ጠራው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። የ553ቱ ጉባኤ ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የመጣ በመሆኑ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም፤ የምትቀበላቸው የኒቅያን፣ የቁስጥንጥንያን የመጀመሪያውንና የኤፌሶንን ሦስት ጉባኤያት ነው። ስለዚህ ለተዋሕዶ አማኝ የ553ን ውግዘት መጥቀስ አይሠራም። የቴዎፍሎስ ውግዘት ግን የራሷ የእስክንድርያ መንበር ነው፤ እኛም ጳጳሳትን እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀበልነው ከዚያው መንበር ነበር።

በምዕራቡ ዓለም ነገሩን የዘጋው አውግስጢኖስ ነው። የእግዚአብሔር ከተማ በተባለው መጽሐፉ 21ኛ ክፍል ቅጣቱ ያበቃል የሚሉትን መሐሪዎቻችን እያለ በለሆሳስ ይተቻቸዋል። ሙግቱ አጭር ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለሕይወቱም ለቅጣቱም የተነገረው ያው ዘላለም ነው፤ ቅጣቱን ካሳጠርክ ሕይወቱንም አሳጠርክ። ተቃዋሚዎቹ እስከ ዛሬ ብዙ መልስ ሰጥተዋል፤ በቀላልነቱ ግን የሚስተካከለው አላገኘሁም። ከጽሑፉ እንደምንረዳው በሱ ዘመን መሐሪዎቹ ጥቂት አልነበሩም። ከእሱ በኋላ ግን ድምፃቸው ጠፋ። የ1215ቱ የላተራን ጉባኤ ለካቶሊኮች፣ የ1530ው የአውግስበርግ እምነት መግለጫ 17ኛ አንቀጽ ለሉተራውያን ቅጣቱ ማብቂያ እንደሌለው ደነገጉ። ሁለተኛው ለእኛም ቅርብ ነው፤ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሉተራዊት ናትና።

ሹክሹክታው ግን አልቆመም። እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ በርኔት የቅጣቱን ዘላለማዊነት የሚጠራጠር መጽሐፍ በላቲን ጻፈ። ላቲን የሚያነቡት የተማሩት ብቻ ነበሩ። ይህንን ወደ ሕዝቡ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ክፉ አስቦ እንዳደረገው እቆጥረዋለሁ ብሎም አስጠነቀቀ። እሱ በ1715 ከሞተ በኋላ መተርጎሙ አልቀረም።

ነገሩ በአደባባይ የወጣው እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በ1853 ፍሬደሪክ ዴኒሰን ሞሪስ ዘላለም ማለት የማያልቅ የጊዜ ርዝመት አይደለም ብሎ በመጻፉ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የነበረውን የፕሮፌሰርነት ወንበር አጣ። በ1864 የንግሥቲቱ ከፍተኛ የይግባኝ ችሎት የኃጥአን ቅጣት እንዲያበቃ ተስፋ ያደረገ ቄስ በዚህ ብቻ አይቀጣም ብሎ ሲፈርድ 11,000 ያህል ቀሳውስት የተቃውሞ መግለጫ ፈረሙ። እስቲ አስቡት፤ ፍርድ ቤት ስለ ገሃነም ሲበይን! በ1877 ደግሞ ፍሬደሪክ ፋራር በዌስትሚንስተር አቢ ምስባክ ላይ ቆሞ ያ ማብቂያ የሌለው ሥቃይ የወንጌል ትምህርት አይደለም ሲል ሰበከ። የኦክስፎርዱ ኤድዋርድ ፑሲ በመጽሐፍ መለሰለት። ኦሪገን ለጥቂቶች ያስቀረው ነገር ጋዜጣ ለሚያነብ ሁሉ ደረሰ።

ኃጥአን ይጠፋሉ የሚለው ትምህርት ለብዙ ኢትዮጵያውያን የሚታወቀው በሰባተኛው ቀን አድቬንቲስቶችና በይሖዋ ምሥክሮች በኩል ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው የእነሱ ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል። በ1988 ግን በወንጌላውያን ዘንድ እጅግ የተከበሩት የለንደኑ ቄስ ጆን ስቶት፣ እርግጠኛ ነኝ ባይሉም ወደዚህ አሳብ እንደሚያዘነብሉ ጻፉ። ወዳጆቻቸው ደነገጡ፤ ከወንጌላውያን ቁጥር ሊያስወጧቸው የፈለጉም ነበሩ። በ2000 የብሪታንያ ወንጌላውያን ኅብረት ጉዳዩን አስጠንቶ አሳቡ የብዙኃኑ ባይሆንም በወንጌላውያን መካከል ቦታ ያለው መሆኑን ተቀበለ።

ሁሉም ይድናል ላሉት ግን ዋጋው ከባድ ነበር። ካርልተን ፒርሰን በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ተልሳ ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ምእመናን የነበሯቸው የጴንጤቆስጤ ጳጳስ ነበሩ። አንድ ምሽት ራት እየበሉ በቴሌቪዥን የሩዋንዳ ስደተኞችን፣ ሆዳቸው ያበጠ ሕፃናትን ያያሉ። እነዚህ ሰዎች ወንጌል ሳይሰሙ ሞተው ወደ ገሃነም ይገባሉ ማለት ነው? የሚል ጥያቄ ያዛቸው። መልሱን ካገኙ በኋላ እንደ ኦሪገን አልደበቁትም፤ በምስባካቸው ተናገሩት። በ2004 የጥቁር አሜሪካውያን የጴንጤቆስጤ ጳጳሳት ጉባኤ መናፍቅ አላቸው፤ ምእመኑ ተበተነ፣ ሕንፃውም በዕዳ ሄደ። በ2018 ታሪካቸው ፊልም ሆኗል። የካቶሊኩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በጥር 2024 በቴሌቪዥን ቀርበው ገሃነምን ባዶ አድርጌ ማሰብ ደስ ይለኛል ሲሉ ግን፣ ይህ ዶግማ ሳይሆን የግል አሳቤ ነው ብለው አጥር አበጁለት። የቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርት አልተለወጠም።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳያነሣ አይቀርም። የተዋሕዶ ትምህርት የገሃነም ቅጣት ዘላለማዊ ነው የሚል ከሆነ በ40ና በ80 ቀን ፍትሐትና ተዝካር የሚደረገው ለምንድን ነው? መልሱ ጊዜውን በመለየት ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ የምትቆየው በገነት ወይም በሲኦል ነው፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ከዳግም ምጽአት በኋላ የሚሰጡ የመጨረሻ ፍርድ ናቸው። ጸሎቱ የሚደረገው የመጨረሻው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ባለው ጊዜ ነው። በተአምረ ማርያም ውስጥ ያለው፣ 78 ሰው በልቶ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነው የበላዔ ሰብእ ታሪክም ምሕረቱን የሚያስቀምጠው ፍርዱ ተመዝኖ ሳያበቃ ነው።

ከዚያ በኋላስ? በ81ዱ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ዕዝራ ሱቱኤል ይህንኑ ይጠይቃል፤ በፍርድ ቀን አባት ለልጁ፣ ልጅ ለአባቱ፣ ወዳጅ ለወዳጁ ሊለምን ይችላል ወይ? መልአኩ አይቻልም ይለዋል፤ በዚያን ቀን እያንዳንዱ የራሱን ይሸከማል። ይህ ክፍል ከላቲኑ ቅጂዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ነበር፤ ለብዙዎቹ ቅጂዎች ምንጭ ከሆነው አሮጌ ብራና አንድ ቅጠል ተቆርጦ ወጥቷል። ስለ ሙታን መጸለይን የሚከለክል መስሎት የቆረጠው ሰው ሳይኖር አይቀርም የሚሉ ምሁራን አሉ። የላቲኑ ጎዶሎ የተሞላው በ1875 ነው። በግእዙ ግን ከመጀመሪያውም አልጎደለም፤ ያንን እያነበቡም ሊቃውንቱ ፍትሐቱን አላስቀሩም።

ፕሮቴስታንቱ ጎረቤት ለቅሶ ደርሶ ከተዝካሩ ሲቀር ምክንያቱ ከዚሁ ይመነጫል። ለእሱ በሉቃስ 16 በአልዓዛርና በባለጠጋው መካከል ያለው ገደል በሞት ሰዓት ይጸናል፤ ስለዚህ ከሞት በኋላ የሚለመንበት ጊዜ የለም። አድቬንቲስቱ ደግሞ የሞተው ሰው እስከ ትንሣኤ እንደተኛ ነው፣ በሲኦል የሚሠቃይም በገነት የሚደሰትም ነፍስ አሁን የለም ይላል።