ለሁለት ዐይን አንድ ብርሃን

ስቴሪዮ ፎቶግራፍ አንድን ነገር ጎን ለጎን ከሆኑ ሁለት ቦታዎች አንስቶ የግራውን ምስል ለግራ ዐይን፣ የቀኙን ለቀኝ ዐይን ብቻ ያሳያል። ቅርቡ ከሩቁ ተለይቶ የሚታየው በዚህ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን የመመልከቻውን መሣሪያ ያስተዋወቀው በ1838 ነበር (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ጨለማ ውስጥ መግባት ግን ጊዜ ወሰደ። በ1865 ፒያዚ ስሚዝ በጊዛው ታላቅ ፒራሚድ፣ በ1866 ቻርልስ ዋልዳክ በኬንታኪው ማሞዝ ዋሻ ማግኒዚየም እያነደዱ ስቴሪዮ ምስል አነሱ። ነጭ ጭሱ እንዴት ያስቸግር እንደነበር መገመት አያዳግትም። ጀርመኖቹ ሚተና ጌዲከ በ1887 የፍላሽ ዱቄት አመጡ፤ ፈጣን ቢሆንም የሚፈነዳ ነበር። የፍላሽ አምፖሉና መሐንዲሱ ኤጀርተን የሠራው ኤሌክትሪክ ፍላሽ ተከተሉ። በ1947 ለገበያ የቀረበው ስቴሪዮ ሪያሊስት ካሜራም ጥበቡን ወደ ቤተሰብ ሳሎን አስገባው።

በተራ ፎቶ ባለሙያው ብርሃኑን ከጎን አድርጎ በጥላ ቅርጽ ያወጣል። በስቴሪዮ ጥልቀቱ የሚገኘው ከሁለቱ ምስሎች ልዩነት ስለሆነ፣ ፊትን ጠፍጣፋ የሚያደርገው የፊት ለፊት ፍላሽ እዚህ ጉዳቱ ያንሳል። የሚያስቸግረው ጥላው ነው፤ ግድግዳ ላይ ያረፈ ጥቁር ጥላ ራሱን የቻለ ነገር መስሎ ከሰውዬው ኋላ ይቆማል። ስለዚህ ፍላሹን ከስቴሪዮ ካሜራው ሁለት ሌንሶች መካከል ከፍ አድርጎ መስቀል ይሻላል፤ ጥላው ወደ ታች ወርዶ ከሰውዬው ጀርባ ይደበቃል።

ከጥላ የባሰው ነጸብራቅ ነው። መነጽር ወይም የናስ ዕቃ ብርሃኑን ወደ አንዱ ሌንስ ብቻ ሲመልስ አንዱ ዐይን ያያል፣ ሌላው አያይም፤ ቦታው ይርገበገባል። ብርሃኑን ወደ ጣሪያ መምታት ያለሰልሰዋል።

ሌላው ጣጣ የብርሃን መጠን ነው። ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉም ጥርት እንዲል የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል፤ ፍላሹ ብርቱ መሆን አለበት። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳልና፣ በ1 ሜትር ላይ ያለ ሰው ሲነጣ በ4 ሜትር ያለው ግድግዳ የሚደርሰው አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ነው።

በሁለት ካሜራ ለሚያነሳ ግን ፍላሽ ትልቅ ባለውለታ ነው። በጨለማ ክፍል ሁለቱም መዝጊያዎች ክፍት ሳሉ አንድ ብልጭታ ብቻ ቢበራ ሁለቱ ምስሎች በአንዲት ቅጽበት ይቀረጻሉ። አንድ ካሜራ እያንቀሳቀሱ የሚያነሱ ደግሞ ፍላሹን ከካሜራው ጋር እንዳያንቀሳቅሱት፤ በመቆሚያው ላይ ይቆይ። ከማተምዎ በፊት ጥንዱን ግራና ቀኝ ዐይንዎን እያፈራረቁ ይዩት፤ ጥላውና ነጸብራቁ ካልተስማሙ እንደገና ያንሱ።