ስብን ለይተው የሚያውቁት ያልተለመዱ የቆዳ መከላከያ ህዋሳት

የሥጋ ደዌ ሕሙማን መድኃኒታቸውን በአግባቡ እየወሰዱ፣ አንዳንዴም ጨርሰው ሳለ፣ በቆዳቸው ላይ ያለው ምልክት በድንገት ሊቀላና ሊያብጥ ይችላል። ይህ ማለት መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በባክቴሪያው ቅሪት ላይ ሲዘምት ነርቭንም አብሮ ስለሚጎዳ ነው። ሕክምና ከዘገየ እጅ ወይም እግር እስከ ወዲያኛው ሊደነዝዝ ይችላል።

በዚህ ዘመቻ ውስጥ የሚሳተፉት እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ወዳልተለመዱ ህዋሳት መርቷቸዋል።

ቲ ህዋሳት የሚባሉት ነጭ የደም ህዋሳት በአብዛኛው የሚለዩት የፕሮቲን ቁርጥራጭን ነው። ቁርጥራጩን በገጻቸው ላይ አውጥተው የሚያሳዩዋቸው ሌሎች ህዋሳት ናቸው። ማሳያው ሞለኪውል ከሰው ሰው ይለያያል፤ የሰውነት አካል ሲለገስ ተስማሚ ለጋሽ ማግኘት የሚከብደውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

እአአ በ1989 የታተመ ጥናት ግን ጋማ ዴልታ የተባሉ ሌላ ዓይነት ቲ ህዋሳት በእነዚህ የሥጋ ደዌ ቁስሎች ላይ ተከማችተው መገኘታቸውን አሳየ። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ቁንጭር በሚባለው የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ዓይነት ቁስልም ላይ ተገኝተዋል። በደም ውስጥ ከቲ ህዋሳት መካከል ያላቸው ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው።

ቀጥሎ የመጣው ይበልጥ አስገራሚ ነበር። በ1994 አንዳንድ ቲ ህዋሳት ፕሮቲንን ሳይሆን የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን ልባስ የሠራውን ስብ እንደሚለዩ ታወቀ። በዓመቱ ደግሞ ከሥጋ ደዌ ታማሚ ቁስል የተወሰዱ ህዋሳት ስብና ስኳር የተጣመሩበትን የባክቴሪያ ውህድ ሲለዩ ታዩ። ስቡን የሚያሳያቸው ሲዲ1 የሚባል የሞለኪውል ቤተሰብ ነው። ከአባላቱ አንዱ በቆዳ ውስጥ ባሉት የላንገርሃንስ ህዋሳት ላይ በብዛት ይገኛል። ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ በ1868 ሲያገኛቸው የነርቭ ህዋሳት መስለውት ነበር።

እነዚህን ቲ ህዋሳት ለይቶ ማውጣት ቀላል አይደለም። ተመራማሪዎች ስብ የያዙ አራት የሲዲ1 ሞለኪውሎችን አጣምረው የሚያበራ ቀለም ይቀቧቸዋል፤ ከዚያም ከናሙናው ውስጥ የትኛው ህዋስ እንደሚይዛቸው በመሣሪያ ይመለከታሉ። ሆኖም ህዋሱ ቁስሉ ላይ መገኘቱ ብቻ ጠባቂ ይሁን አጥፊ አይናገርም። ለጊዜው ሐኪሞች እብጠቱን የሚያበርዱት መከላከያውን በጅምላ በሚያዳክም ስቴሮይድ ነው።

ተስፋው ያለው ሲዲ1 ከሰው ሰው እምብዛም ስለማይለያይ ነው፤ በእሱ ላይ የተመሠረተ ክትባት በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ ተመሳሳይ ውጤት ሊኖረው እንደሚችል ይታሰባል። ችግሩ ግን የላቦራቶሪ አይጦች ስብ የሚያሳዩት እነዚህ የሲዲ1 ዓይነቶች በተፈጥሯቸው የሏቸውም። ስለዚህ ብዙው ዕውቀት የሚገኘው ሕሙማን ፈቅደው ከሚሰጡት ትንሽ የቆዳ ናሙና ነው።