ጊደር ለኮርማ እንድትደርስ የሚፈቅደው ማን ነው?

ከማዘጋጃ ቤቱ አካባቢ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ለገሃር በሚወርደው ቸርችል ጎዳና በማለዳ ማኪያቶ የሚያዝዝ ሰው፣ ስኒው ውስጥ የገባው ወተት ስንት ዓመት እንደተጠበቀ አያስብም። ወተቱ ከሰላሌም ይምጣ ከሱሉልታ ወይም ከደብረ ብርሃን፣ ላሚቱ ለመታለብ አስቀድማ መውለድ፣ ለመውለድም ለኮርማ መድረስ ነበረባት። እስከዚያ ድረስ አርቢው የሚቀልባት ያለ አንዳች የወተት ገቢ ነው።

ጥበቃው አጭር አይደለም። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የቀድሞው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል እ.ኤ.አ በ1989 ባሳተመው የሙካሳ ሙገርዋ ጥናት፣ ሻኛ ያላቸው የዜቡ ጊደሮች ለኮርማ የሚደርሱት ከ16 እስከ 40 ወር ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። በሚገባ የተመገበች የሆልስታይን ጊደር ግን ብዙውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላት ትደርሳለች። ዝርያ ድርሻ አለው፤ ይሁን እንጂ በራሳቸው በዜቡዎቹ መካከል ያለውን የሁለት ዓመት ልዩነት በዝርያ ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል።

የሚገርመው፣ ዕንቁላል የሚያዘጋጀው ኦቫሪ ለሥራው ብቁ የሚሆነው ገና በጥጃነት መሆኑ ነው። የሚጎድለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የሚነሣው ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ከዚያ ቆም እያለ በትርታ መልክ የሚረጨው ጂኤንአርኤች የተሰኘ ሆርሞን ከአንጎል ሥር ወዳለው ፒቱታሪ ዕጢ ይወርዳል። ፒቱታሪ ደግሞ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን በደም በኩል ወደ ኦቫሪ ይልካል፤ ኦቫሪም ኢስትሮጅን ያመነጫል። በጥጃነት ዘመን ይህ ጥቂት ኢስትሮጅን ተመልሶ ሃይፖታላመስን ዝም ያሰኘዋል። ጊደሯ ስትጎለብት ግን አንጎል ለዚህ ተግሣጽ ያለው ስሜት እየደከመ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይመታ የነበረው የኤልኤች ትርታ በየሰዓቱ ወደ መምታት ይጠጋል። በመጨረሻም ኢስትሮጅኑ በበቂ መጠን ሲበዛ ተግሣጹ ወደ ማበረታቻ ይገለበጣል፤ ኤልኤች በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፣ ዕንቁላልም ይወጣል። ይህ የመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ ምንም የድራት ምልክት ሳይታይበት ያልፋል።

ተግሣጹ የሚላላው መቼ ነው? አንጎል የቀን መቁጠሪያ የለውም፤ የሚያነበው የሰውነትን ስንቅ ነው። እ.ኤ.አ በ1994 የተገኘው ሌፕቲን ከስብ የሚመነጭ ሆርሞን ሲሆን፣ የስንቁን መጠን ለአንጎል ይነግራል። መልእክቱም በመጨረሻ ኪስፔፕቲን ወደሚያመነጩት ነርቮች ይደርሳል፤ ጂኤንአርኤችን የሚቀሰቅሱት እነዚህ ናቸው። (ኪስፔፕቲን ስሙን ያገኘው በ1996 በተገኘባት የአሜሪካዋ ሄርሺ ከተማ ከሚሠራ ቸኮሌት ነው።) በጭድና በደረቅ ግጦሽ በጋውን የምትገፋ ጊደር ስቧ ሲሳሳ ሌፕቲኗ ይወርዳል፤ ነርቮቹም ይቀዘቅዛሉ።

አርቢው ገንዘቡን የሚያጣው ይህ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ በሐዋሳና በአዲግራት አካባቢ፣ በኋላም በሌሎች ቦታዎች፣ ላሞች በአንድ ሰሞን ድራት እንዲያሳዩ ፕሮስታግላንዲን እየተወጉ በሰው ሠራሽ ዘዴ ተዳቅለዋል። መርፌው የሚሠራው ዕንቁላል በወጣበት ስፍራ የሚያድገውን ቢጫ ዕጢ በማክሰም ነው። ዕንቁላል አውጥታ የማታውቅ ጊደር ይህ ዕጢ የላትም፤ ስለዚህ መርፌው የሚያከስመው ነገር አያገኝም። መድኃኒቱ፣ አባለዘሩና የአዳቃዩ ድካም ይባክናል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን አርቢው በዘዴው ላይ ያለው እምነት መሸርሸሩ ነው። ሙያውን የሚያውቅ አዳቃይ መርፌውን ከመምዘዙ በፊት እጁን በፊንጢጣዋ አስገብቶ ኦቫሪውን ይዳብሳል። ለመድረስ የተቃረበችን ጊደር በማህፀን በር አካባቢ ለጥቂት ቀናት በሚቀመጥ ፕሮጄስትሮን ማፋጠን ይቻላል፤ የከሳችን ጊደር ግን ይህም አያድናትም።

በአውሮፓ በጎች ዘንድ የቀኑ ርዝመት በሜላቶኒን አማካይነት ለመራባት የመድረሻውን ጊዜ ይወስናል። የመንዝ በግ በምትውልበት ምድር ቀኑ በዓመት ውስጥ ብዙም ስለማይለዋወጥ ዝናብና ሣር ይበልጥ ወሳኝ ናቸው። ወይፈንም በዚሁ የአንጎል ትእዛዝ ይመራል፤ የእሱ መድረስ በዕድሜው ከሚገመት በቆለጡ ዙሪያ ልክ ቢገመት ይሻላል።

ጊደር ብዙውን ጊዜ የምትደርሰው ክብደቷ የዝርያዋን አዋቂ ላም 60 በመቶ ገደማ ሲሞላ ነው። ሚዛን የሌለው አርቢ የደረቷን ዙሪያ በሜትር ለክቶ ሊገምት ይችላል። ጡት ከጣለችበት ጊዜ አንሥቶ አልፋልፋ፣ ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ ጣል የሚደረግላት ጊደር ወደዚህ ክብደት የምትደርሰው ቀድማ ነው። ለኮርማ ደረሰች ማለት ግን ወዲያው ትጠቃ ማለት አይደለም፤ በሦስተኛው ድራት የተጠቃች ጊደር በመጀመሪያው ከተጠቃችው የተሻለ የመፀነስ ዕድል አላት። የዳሌ አጥንቷ ሳይሰፋ የፀነሰች ደግሞ፣ በተለይ ከትልቅ የውጭ ዝርያ ከሆነ፣ በምጥ ጊዜ ትቸገራለች።