ስለ አዲስ የሣር መስክ አተካከል በሐረር ከተማ

የሆቴልን፣ የቡና ቤትንና የመኖሪያ ቤትን ግቢ በለመለመ ሣር ማስጌጥ የተወደደ ልማድ ነው። ስለሆነም ዘሩን ከውጭ አገር የሚያስመጣውም፣ መሣሪያውን በሱቁ የሚሸጠውም፣ ግቢውን የሚያስተክለውም ነጋዴ የአገሩን ጠባይ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል። ለስፍራው የማይስማማ ሣር መትከል ገንዘብንም ውሃንም በአንድነት ማባከን ነውና።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረች በመሆኗ አየሯ ለዘብ ያለ ነው። ዝናቧ በሁለት ወቅት ይከፈላል፤ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው የበልግ ዝናብና ዋናው የክረምት ዝናብ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ደረቅ ነው። ለከተማይቱ ለብዙ ዘመን ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መድረቁ አይዘነጋም። ከዚያ በኋላ ከድሬዳዋ አጠገብ የጉድጓድ ውሃ በሞተር ኃይል ዳገት እየተገፋ እንዲመጣ ተደርጓል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ነው። በደረቁ ወራት በቀን 4 ሚሊሜትር የሚጠጣ ሣር በ100 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ 400 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 20 ጀሪካን ይፈጃል።

ስለዚህ ምርጫው በጥንቃቄ መደረግ አለበት። የአውሮፓ ቀዝቃዛ አገሮች ሣር ውሃ ሲቋረጥበት ፈጥኖ ይጠወልጋል። የምሥራቅ አፍሪቃ ደጋ ተወላጅ የሆነው የኪኩዩ ሣር ፈጥኖ ቢስፋፋም ውሃ ይወዳል። ለሐረር የሚሻለው ሰርዶ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ቢገረጣም ሥሩ ሳይሞት ቆይቶ ዝናብ ሲመጣ መልሶ ያቈጠቁጣል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰርዶ ማንም ቢሞት መብቀሉን አይተውም። በውጭ አገር የዘር ነጋዴዎች ዘንድ «የበርሙዳ ሣር» ተብሎ የሚሸጠውም ይኸው ሰርዶ ነው። ተመርጠው የተሻሻሉት ዓይነቶች ቅጠላቸው የቀጠነና የለሰለሰ ነው፤ ተራውን የሚፈልግ ግን የውጭ ምንዛሪ ማውጣት አያስፈልገውም።

አተካከሉ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ድንጋዩንና የግንባታውን ፍርስራሽ አስወግዶ መሬቱን 20 ሳንቲሜትር ያህል መቈፈር፤ አረሙን ከነሥሩ መንቀል።

2ኛ. በደንብ የበሰበሰ ፍግ መቀላቀል። ፍግ አሸዋማውን መሬት ውሃ እንዲይዝ፣ ጭቃማውን ደግሞ እንዲላላ ያደርጋል።

3ኛ. መሬቱን ደልድሎ ጐርፍ ወደ ቤቱ እንዳይገባ ከግድግዳው ወደ ውጭ ጥቂት ማዘንበል።

4ኛ. በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ሥር ያለውን የሰርዶ ቍራጭ በ15 ሳንቲሜትር ርቀት ተክሎ መጠቅጠቅ። ዝናብ ካቋረጠ እስኪይዝ ድረስ ማጠጣት ያሻል።

5ኛ. ሣሩ 7 ሳንቲሜትር ሲደርስ ከሢሶው ሳያስበልጡ ማጨድ። ሥር ከሰደደ በኋላ ውሃው አልፎ አልፎ፣ ነገር ግን ጠልቆ እስኪገባ ይሰጠው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል።

ሰርዶ ጥላ አይወድም። እንዲሁም ለገበሬ አስቸጋሪ አረም ስለሆነ ወደ ጐረቤት የቡናና የጫት ማሳ እንዳይሻገር ዳሩን በድንጋይ መከለል ተገቢ ነው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ግንብ ውስጥ ላለው ጠባብና ጥላማ ግቢ በሸክላ የተተከለ አበባ ይበልጥ ይስማማዋል። ሰፊው የሣር መስክ ከግንቡ ውጭ ላለው ከተማ የሚገባ ነው።

ዘር አስመጪው የሣሩን ዓይነት፣ ከመቶ ስንቱ እንደሚበቅልና የታሸገበትን ቀን ከመያዣው ላይ ያረጋግጥ፤ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትም ይጠይቅ። ባለሱቁ ደግሞ ዘሩን ሲሸጥ የመትከያውን ወራት ለገዢው ይንገረው። በጥቅምት ተዘርቶ የደረቀ ዘር ገዢውን ያስቀይማል፤ በወቅቱ ተተክሎ የለመለመ ግቢ ግን ሌላ ደንበኛ ይጠራል።