ተረትና እውነታ፦ የኤክሴል ማክሮ መጠየቂያ ሳጥን

በኤክሴል ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚያከናውን የትእዛዞች ስብስብ ማክሮ ይባላል፤ ማክሮው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የደመወዝ ወርን፣ የግብር መጠንን ወይም የፋይል ስምን ከተጠቃሚው የሚቀበልበት ትንሽ መስኮት ደግሞ መጠየቂያ ሳጥን ነው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማክሮዎች በሚጻፉበት በቪቢኤ ቋንቋ ይህን ሳጥን በአንድ መስመር መክፈት ስለሚቻል፣ የገባውን መልስ ሳጥኑ ራሱ ያጣራዋል የሚል እምነት በጀማሪዎች ዘንድ ሰፍቷል።

«ካንስል» ሲጫን ማክሮው ይቆማል መባሉ ስሕተት ነው። ኢንፑትቦክስ የተባለው ትእዛዝ፣ ተጠቃሚው ቢሰርዝም ሆነ ባዶውን ሳጥን በ«ኦኬ» ቢያልፈው፣ የሚመልሰው ባዶ ጽሑፍ ስለሆነ ማክሮው ቁም ካልተባለ ይቀጥላል። የኤክሴል የራሱ የሆነው አፕሊኬሽን ኢንፑትቦክስ ቁጥር ብቻ እንዲገባ ማስገደድ ስለሚችልና ስረዛን «ሐሰት» በሚል ዋጋ ስለሚለይ የተሻለ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ዋጋ ቁጥር ብቻ በሚይዝ ተለዋዋጭ ውስጥ በቀጥታ ሲቀመጥ ዜሮ ስለሚሆን፣ የግብር መጠን የተጠየቀ ሒሳብ ሠራተኛ ሐሳቡን ቀይሮ ቢሰርዝ ማክሮው የሠራተኛውን ሁሉ ደመወዝ ያለ ግብር አስልቶ ያስረክባል። መልሱ በቅድሚያ ማንኛውንም ዓይነት ዋጋ በሚይዝ ቫሪያንት ተቀምጦ መመርመር ያለበት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን፣ ኢዝዴት የተባለው መፈተሻ ያለፈው ቀን ሁሉ ትክክል ነው የሚለው እምነት ነው። ቪቢኤ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ስለማያውቅ፣ የካቲት 30 ቀን 2016ን ለማመልከት 30/6/2016 ተብሎ ቢጻፍ ጁን 30 አድርጎ ይወስደዋል፤ ጳጉሜን 3 ማለትም 3/13/2016 ሲገባ እንኳ፣ 13ኛ ወር የለም ብሎ በመመለስ ፈንታ ቁጥሮቹን አገላብጦ ማርች 13 ያደርገዋል፣ አንድም የስሕተት መልእክት አያሳይም። አስተማማኙ መንገድ ቀን፣ ወርና ዓመት እያንዳንዳቸው ከተቆልቋይ ዝርዝር የሚመረጡበት፣ ዩዘርፎርም የተባለ ቅጽ አዘጋጅቶ፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን መሆኗን ጭምር የሚያገናዝበውን ስሌት በማክሮው ውስጥ መጻፍ ነው።

አማርኛ በማክሮ አይሠራም የሚለው አባባል ከእውነት የራቀው በከፊል ነው። በተለመደው የዊንዶውስ አቀማመጥ የቪቢኤ ማረሚያም ሆነ ተራው ኢንፑትቦክስ የግእዝን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል፤ የዩዘርፎርም የጽሑፍ ሳጥን ግን ፊደሉን በአግባቡ ስለሚቀበል፣ የጥያቄዎቹን አማርኛ በሉሁ ሕዋሳት ጽፎ ቅጹ ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ ይበቃል።

የይለፍ ቃልን በኮከብ ምልክት መሸፈንም ከተመልካች ዓይን ከመከለል አያልፍም። የገባውን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ ቢያስፈልግም፣ ሴቭሴቲንግ የተባለው ትእዛዝ ምርጫዎችን በዊንዶውስ ሬጅስትሪ የሚያስቀምጠው በግልጽ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ለአቃፊ ስምና መጨረሻ ላይ ለተመረጠው ወር የሚመች ቢሆንም ለይለፍ ቃል ፈጽሞ አይሆንም።