ከመታጠቢያ ቤት እስከ ባሕር

የቤት እመቤት ፊትዋን ታጥባ ውሃውን ስታፈስ የባሕር ነገር በሐሳብዋ አይመጣም። ዳሩ ግን ውሃው ወንዝ ገብቶ ወደ ባሕር ይወርዳል።

በአሜሪካ በአንዳንድ የፊትና የጥርስ ሳሙና ውስጥ፥ እድፍ ፈግፍጎ እንዲያነሣ ተብሎ፥ ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቅንጣት ይጨመር ነበር። የፍሳሽ ማጣሪያውም ሁሉን ሊይዝ ስላልቻለ ቅንጣቱ ከታላላቆቹ ሐይቆችና ከባሕር ደረሰ፤ ዓሣም ምግብ መስሎት ዋጠው።

ስለዚህ ኮንግረስ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በዲሴምበር 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ፈረሙበት። ይህን ቅንጣት የያዘ፥ ታጥቦ የሚፈስ መዋቢያ መሥራት ከጁላይ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተከለከለ፤ ለንግድ ማቅረቡም በዓመቱ ተከለከለ። ታጥቦ ሳይፈስ ከገላ ላይ የሚቀረውን ቅባት ግን ሕጉ አልነካም።

እኛ በዚህ ሕግ ደስ የሚለን ከምንጩ መጀመሩ ነው። ባሕር የገባውን ቅንጣት ማንም ለቅሞ አይጨርሰውምና። ሕግ የፋብሪካውን በር ይዘጋል፤ የቤትን በር የሚጠብቀው ግን ባለቤቱ ነው። እንግዲህ ሳሙናና ቅባት ስንገዛ በላዩ የተጻፈውን እናንብብ፤ ፖሊኤቲሊን የሚል ስም ብናገኝ ፕላስቲክ መሆኑን አውቀን እንተወው።