የቤታችሁን ዕቃ ዋጋ በምን ትለካላችሁ?

በጌታ የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ጎጆ ስትወጡ የገዛችሁት ዕቃ ዛሬም አለ?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያደጋችሁ የወላጆቻችሁን ቤት አስታውሱ። ውኃው በእንስራ፣ እንጀራው በሞሰብ፣ ለደጋው ብርድ ደግሞ የበግ ጠጉር ባና ነበር። ባና ብዙ ድካም ይጠይቃል፤ ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ከዚያም ይሸመናል። ሲቀደድ ግን ይጠገናል።

ይሁን እንጂ የድሮ ሁሉ ጠንካራ ነበር አንበል። እንስራ አንዴ ከወደቀ አለቀለት፤ ገሉ እሳት ይጫርበት ይሆናል እንጂ። ባዶውን እንኳ ስለሚከብድ የእናቶቻችንን ጀርባ አጉብጧል። የፕላስቲክ ጀሪካን ይህን ሸክም አቅልሏል፤ ስለዚህ ጌታን እናመስግን።

ችግሩ ወዲህ ነው። ዛሬ ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ ገበያ ከውጭ የመጣ ዕቃ ይሸጣል፤ ዋጋውም ከዶላር ጋር ይወጣል። በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ከፍ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እንግዲህ ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይጎዳናል፤ እርሱም ያልቃል፣ ምትኩም ተወድዶ ይጠብቀናል።

ጌታችን ግንብ ከመጀመር በፊት ወጪን ማስላት እንደሚገባ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። እስቲ እናስላ። በ1,200 ብር የተገዛ ብርድ ልብስ በ2 ዓመት ቢያልቅ የዓመት ዋጋው 600 ብር ነው። በ3,000 ብር የተገዛው 10 ዓመት ቢያገለግል ግን 300 ብር ብቻ ይሆናል።

“ሦስት ሺሁን ከየት እናምጣ?” ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ርካሽ ዕቃ ይበልጥ የሚያስወጣው ድሃውን የሆነውም ለዚህ ነው። ቢሆንም ቤቱን በአንድ ቀን ለመሙላት ተበድሮ በዕዳ ከመነታረክ፣ ዕቁብ ገብቶ አንድ አንድ እያሉ መግዛት ሰላም ይሰጣል።

ሌላም አለ። ኅብረተሰባችን ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን ሲንቅ ኖሯል። እግዚአብሔር ግን ባስልኤልን በመንፈሱ ሞልቶ ለእጅ ሥራ ጠራው (ዘጸ. 31)። የሚሠራልንንና የሚጠግንልንን እጅ የማናከብር ከሆነ ጠንካራ ዕቃ ከየት ይመጣል?

ዛሬ ማታ ከጸሎት በኋላ ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀመጡ፤ የሚጠገነውንና የሚገዛውን ለዩ። የእስራኤልን ልብስ በምድረ በዳ 40 ዓመት ያቆየ አምላክ (ዘዳ. 29፥5) በጥቂቱም ታማኞች ያድርጋችሁ።